የኩላሊታችን ቁጥር

ኅዳር 4

ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ እስካሁን ባለመመለሴ ይቅርታ አድርግልኝ። መነጽር ቤቱ ሥራ በዝቶበት ነበር ብልህ ታምነኛለህ፤ እውነቱ ግን ስንፍና ነው።

አስቀድሜ የምትጠብቀውን ልንገርህ። የዚህ ወር የኩላሊታችን ቁጥር አንድ ነጥብ ሁለት ነው፤ የሚያስፈራው ሲጨምር ነው፣ እሱ ግን እንዳለፈውም ከዚያ በፊት እንደነበረውም ወር ነው። ነርሷ ወረቀቱን ስታቀብለኝ «ይሄስ ከራሴም ኩላሊት ይሻላል» አለች። ከሰጠኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ አንድ ቀን አስቀይሞኝ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቴን ስውጥ አንተን ሳላመሰግን አልውልም። ግራፍህ ላይ ነጥቧን አኑርልኝ።

ከተማ ወርደህ የደወልክ ለት ድምፄ ለምን እንደጎረነነ ጠይቀሃል። ጉንፋን ነው። ሰው ትቀርቢያለሽ ወይ ላልከው፣ ማንን ልቅረብ? አፌን ሸፍኜ እወጣለሁ፣ አፌን ሸፍኜ እገባለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ልጆቿ ስለሚያስሉ ደረጃው ላይ ስታየኝ ራሷ ግድግዳ ተደግፋ ታሳልፈኛለች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ፊቷን በቅጡ አላውቀውም።

ስለ ሁሉም ነገር አመሰግንሃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 26

ለጩጬ፣

ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶሽም ጩጬ ነሽ። ቅር ካለሽ ከእኔ በፊት መወለድ ነበር።

እኔ አለሁ። ባልደረባዬ ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ የአየር ሁኔታ ጣቢያው የእኔ ብቻ ሆኗል። በየሦስት ሰዓቱ አጥር ውስጥ ገብቼ ቴርሞሜትሩን፣ የንፋሱን ፍጥነት፣ የዝናቡን መለኪያ አነብና መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሰሞኑን አንድ አመል አውጥቻለሁ፤ ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ። «አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት!» እላለሁ። የሰው ድምፅ መስማት አምሮኝ ነው፤ የራሴም ቢሆን ድምፅ ነው። እንዳታስቂብኝ።

ነጥብሽን አኑሬያለሁ። ከዝናቡ ግራፍ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ዝናቡ ሲዘል ሲወድቅ ያንቺ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ስንቅና ደብዳቤ የሚያመጣልኝ ሹፌር ባለፈው መነጽሩን ሊያሠራ እናንተ ሱቅ ገብቶ ነበር። «እህትህን በጠራራ ፀሐይ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ አየኋት» አለኝ። ሰውዬው ወሬኛ ነው እንጂ አይዋሽም። ጉንፋን ሻርፕ ያስለብሳል፣ እሺ፤ አንድ ወር ሙሉ ግን አያስለብስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?

ደግሞ ምስጋናውን ቀንሺልኝ። ከኩላሊቱ በፊት ለምንም አመስግነሽኝ አታውቂም ነበር። ድሮ ጫማ ስትወረውሪብኝ ነበር የምትኖሪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ጋሼ፣

ሹፌሩን ሰላም በልልኝ፤ ምላሱን ደግሞ ቁረጥልኝ።

ያየው እውነት ነው። አንገቴ ላይ ንፍፊት ወጥቷል። መጀመሪያ አተር ታህል ነበር፤ አሁን በሻርፕ ካልሆነ አትደበቅም። ድምፄን ያጎረነነው ሌላ ጉሮሮዬ ውስጥ ስላለ ነው። ጉንፋን ያልኩህ ናሙና ወስደው ውጤት እየጠበቅኩ ስለነበር ነው፤ ይቅር በለኝ። ውጤቱ መጥቷል። ቁጭ ብለህ አንብበው። ካንሰር ነው።

ዶክተሬ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ክፉ ወሬ ስታወራ ጭራሽ ወደ ሹክሹክታ ትወርዳለች። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ «ሰውነትሽ ውስጥ ዘበኞች አሉ። የወንድምሽን ኩላሊት ባዳ ነው ብለው እንዳያባርሩት በመድኃኒት እናስተኛቸዋለን። ዘበኛ ሲተኛ ግን ሌባውም ደስ ይለዋል።» ሌባው አንድ ቫይረስ ነው። ከመቶ ሰው ዘጠናው ደሙ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ዘበኞቹ ነቅተው ስለሚይዙት ምንም አያደርግም። የሚይዘው ሲያጣ ግን የተደበቀባቸውን የደም ሴሎች ያለ ልክ ያባዛቸዋል። ንፍፊቱ እሱ ነው። ኩላሊት የተተከለለት፣ መቅኔ የተቀየረለት፣ በሌላ ሕመም መከላከያው የደከመበት ሰው እንዲህ ያለ ካንሰር እንደሚያሰጋው ነገረችኝ። ሁሉም ላይ አይደርስም አለች። እኔ ላይ ደረሰ።

ሕክምናው ለጆሮ ቀላል ነው፤ የምውጠውን መድኃኒት መቀነስ። ዘበኞቹ ትንሽ ሲነቁ ቫይረሱን ራሳቸው አሳደው ይይዙታል። ከዛሬ ጀምሮ ግማሹን ብቻ ውሰጂ ተብያለሁ። «ኩላሊቱስ?» አልኳት። «እናየዋለን» አለች። ይቺን ቃል አልወደድኳትም።

ቁጥሩ አንድ ነጥብ ሁለት ነው። አትጨነቅ። አንተ የሰጠኸኝ ነገር በደህና አለ።

እህትህ


ጥር 29

ጋሼ፣

ሁለቱ ደብዳቤዎችህ አንድ ፖስታ ውስጥ ታጭቀው ደረሱኝ። ሁለተኛው ላይ እስክሪብቶህ ወረቀቱን ቀዷል።

አትምጣ። ጣቢያውን ለማን ትተህ ትመጣለህ? እዚህ መጥተህስ ምን ታደርጋለህ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እኔን ልታይ? አመሰግናለሁ፣ ግን አትምጣ።

ቫይረሱን የት አገኘሽው ብለህ ሦስት ቦታ ጠይቀሃል። ሰው ሁሉ ያለበት ነገር የት ተገኘ ይባላል እንዴ? እንደ አቧራ ነው፤ የሆነ ቦታ ይነካሃል።

አዎ፣ በታዘዝኩት መሠረት ቀንሻለሁ። አዎ፣ ቁጥሩ ያው አንድ ነጥብ ሁለት ነው። ንፍፊቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

አለቃዬ ደንበኛ እንዳያስልብኝ ብሎ ወደ ጓዳ አዛውሮኛል። ግድግዳ እያየሁ ሌንስ እሞርዳለሁ። ሰው ሲገባ የበሩ ደወል ይሰማኛል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰማኛል፤ ከዚያ አለቃዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ፍሬምና ወረቀት አስቀምጦልኝ ይሄዳል። በዚህ ሳምንት የስንት ሰው ዓይን እንዳስተካከልኩ አውቃለሁ፤ የአንዱንም መልክ አላየሁም።

ለሁሉም አመሰግንሃለሁ።

እህትህ


የካቲት 20

ለእህቴ፣

ዛሬ ጩጬ አልልሽም፤ ተቀይሜሻለሁ።

አንድ ነገር ላውራሽ። ከእኔ ጋር የነበረው ባልደረባዬ ብርድ አይወድም ነበር። አንድ ሰሞን በእሱ ተራ የሚመዘገበው ሙቀት ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት ይል ጀመር። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሽማግሌ ተቆጣጣሪ ስድስት ሰዓት ተጉዞ መጣና «ልጄ፣ አየር እንዲህ ዝም አይልም፤ ከአልጋህ ሆነህ ነው የምትጽፈው» አለው። ልክ ነበር። እኔም ያን ቀን ተማርኩ፦ እውነተኛ ቁጥር ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ግራፍሽን አወረድኩት። መድኃኒቱን በግማሽ ቀንሻለሁ ብለሽኛል። ዘበኞቹ ይነቃሉ ብለሽኛል። ታዲያ ኩላሊቱ እንዴት አንዴ እንኳ አይደነግጥም? አንድ ነጥብ ሦስት እንኳ አይልም? ቁጥሩን ከልብሽ አውጥተሽ ነው የምትልኪልኝ። እኔን ለማጽናናት።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ራሱን ላኪልኝ። ከሁሉም የከፋው ሊሆን ይችላል፣ እችለዋለሁ። የማልችለው አለማወቅን ነው። እዚህ ተራራ ላይ ሆኜ ከአንቺ ጋር የሚያገናኘኝ ይቺ አንዲት መስመር ናት። እሷም ውሸት ከሆነች ለብቻዬ ነው የማወራው ማለት ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 10

ጋሼ፣

ወረቀቶቹን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ፣ የስድስት ወሩን። ማኅተማቸውን እይ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም።

ውሸቱ ሌላው ነው። መድኃኒቱን አልቀነስኩም።

ግማሹን ውሰጂ ከተባልኩበት ቀን ጀምሮ አንዲት ፍሬ አላጎደልኩም። የዶክተሯን ቀጠሮ ሁለቴ ዘለልኩ፤ የደም ምርመራ ክፍሉ ድረስ ብቻ እየሄድኩ፣ ቁጥራችንን ተቀብዬ፣ ለአንተ ጽፌ እመለስ ነበር። በሦስተኛው ያዘችኝ። ደሜ ውስጥ ያለውን መድኃኒት አስለካችና ወረቀቱን ፊቴ አኖረችው። «መድኃኒት ሳይወስድ እወስዳለሁ የሚለኝን ለምጄዋለሁ፤ አልወስድም እያለ የሚውጥ ግን ገና አንቺን አየሁ» አለችኝ። ቆጣ ብላለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ በደንብ ተሰማኝ። ንፍፊቱ አሁን ብብቴ ሥርም አለ። ሆዴ ውስጥም አለ። በዚህ ከቀጠልኩ ለክረምት አልደርስም ብላኛለች።

ለምን ብለህ ትጠይቃለህ። ከቀነስኩ ኩላሊትህ ሊሞት ይችላላ! ጎንህን ተቀደህ፣ አንድ ወር ጎብጠህ ሄደህ የሰጠኸኝን ነገር በገዛ እጄ እንዴት ልግደለው? ጠዋት ክኒኖቹን እጄ ላይ እዘረግፍና ግማሹን ልመልስ እሞክራለሁ። እጄ እምቢ ይለኛል። የሰው ዕቃ የምሰብር ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ከዚህ በላይ ልደብቅህ አቅም የለኝም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ላይ አንገትህ አብጦ፣ አንድ ወር አተኩሶህ የተኛኸው ትዝ ይልሃል? እኔ አሥራ አንድ ነበርኩ፣ ኩላሊቴ ያኔም ደካማ ነበር። እንዳይጋባብኝ ተብሎ አክስታችን ዘንድ ላኩኝ። ሁለት ወር ቆየሁ። አንተን እያልኩ አለቀስኩ። ያ ሕመምህ ይኸው ቫይረስ ነበር። አንተ ዳንክ፤ እሱ ግን አንተ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። እኔ እንደ ዕንቁላል ተጠብቄ ስላደግኩ ሳይነካኝ ነው ትልቅ ሰው የሆንኩት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዶክተሯ «የወንድምሽ ደም ውስጥ አለ፣ ያንቺ ውስጥ የለም፤ ከኩላሊቱ ጋር ይመጣል፤ አደጋው ያንቺ ዓይነቱ ላይ ይከፋል» ብላ ነግራኛለች። አውቄ ነው የፈረምኩት። ሌላ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም። ለእሱ ግን አትንገሩት ብዬ ለመንኳቸው፤ ብትሰማ ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሱ የጠበቁኝ ነገር በደጉ እጅህ ገባ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ያንተ እንዳልሆነ ማመን ካልቻልክ ይህን ደብዳቤ ስለጻፍኩ እራሴን ይቅር አልልም።

እህትህ


መጋቢት 21

ጩጬ፣

ይህን ሹፌሩን ሳልጠብቅ ሦስት ሰዓት በእግሬ ወርጄ ለጭነት መኪና ነው የምሰጠው። ሁለት ንባብ አልፎኛል። መዝገቡ ላይ «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተሳደብኩ፣ ከዚያ ሙቀት ልለካ ወጥቼ ምን ልለካ እንደወጣሁ ጠፋኝ። ያንን ትኩሳት አስታውሳለሁ። አንቺን የወሰዱብኝ ትኩሳት ብዬ ነው የማስታውሰው። በእኔ ጎን አልፎ እንደመጣብሽ ሳስብ ጎኔን በቢላ ልከፍተው አማረኝ። ተቆጥቼ አይደለም፤ ጭንቅ ነው። አሁን ትንሽ በርዷል፣ አትደንግጪ።

አሁን ስሚኝ፣ ደግሜ አልጽፈውም። እኔ ስጦታ ሰጠሁሽ እንጂ አደራ አላስቀመጥኩብሽም። አደራ ቢሆን ጠብቂው እልሽ ነበር። ስጦታ የተቀባዩ ነው፤ ይለብሰዋል፣ ያስረጀዋል፣ ሲቀደድ ይጥለዋል። ኩላሊቱን የሰጠሁሽ አንቺ እንድትኖሪ ነው፣ አንቺ እሱን እንድታኖሪው አይደለም። ግማሹን ቀንሺ ካሉሽ ግማሹን ቀንሺ። ሁሉንም ተይ ካሉሽ ሁሉንም ተይ። ይሙት። አፈር ስሆን፣ ይሙት።

የእኔንም ድብቅ ልንገርሽና እኩል እንሁን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ወር እዚህ ተራራ ላይ የወጣሁት ሥራው ግድ ብሎኝ አልነበረም። እኔው ለምኜ ነው የተመደብኩት። ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ አንድ ቀን ተቆጥተሽኝ አታውቂም። ሾርባው ቀዝቅዞ ሳመጣልሽ «አመሰግናለሁ»። በር ስዘጋብሽ «አመሰግናለሁ»። እንግዳ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ኩላሊቱን ሰጥቼ እህቴን የቀማኋት መሰለኝ፤ አልቻልኩም፣ ሸሸሁ። ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 2

ጋሼ፣

ለረጅም ጊዜ ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ። እጄ ላይ መርፌ ስለሚሰኩብኝ መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁንም ፊደሌ የዶሮ ጭረት ነው።

ያልከኝን አደረግኩ። ከግማሽ አልፈን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ተውነው፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሌላ መድኃኒትም ለካንሰሩ ሰጡኝ። ንፍፊቶቹ በየሳምንቱ ይሟሙ ጀመር። መጀመሪያ የብብቴ ጠፋ። ከዚያ ድምፄ ተመለሰ፤ አንድ ጠዋት አለቃዬን «እንደምን አደሩ» ስለው ማን መጣ ብሎ ዞረ። ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ የራጅ ፎቶዬን ብርሃን ላይ ይዛ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው፤ ከዚያ «የለም» አለች። በሹክሹክታ። ደስታም ለካ ያንሾካሹካታል።

የቀረውን ገምተሃል። ሚያዝያ ሁለት ነጥብ አንድ። ግንቦት ሦስት ነጥብ ስምንት። ሰኔ ላይ ስድስትን ካለፈ በኋላ ቁጥሩን ጽፈው አልሰጡኝም። ኩላሊትህ ቆመ። በሳምንት ሦስት ቀን ደሜን በማሽን እያጠቡልኝ ነው፤ አራት አራት ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ስለሚተኙ የማዋራው የለም።

ካንሰሩ የጠፋ ዕለት ጎረቤቴ ሰምታ በር ላይ ቆማ እልል አለችልኝ። ኩላሊቱ የቆመ ዕለት ግን ለማን ልንገር? አይዞሽ የሚለኝ የለም፤ ለእንዲህ ያለው ሐዘን የሚባል ነገር ሰው አያውቅም። እቤት ገብቼ ጎኔን ይዤ ሰው እንደሞተበት አለቀስኩ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጋሼ። ስጦታ ነው ብለሃል፤ ቢሆንም ይቅርታ።

ስላደረግክልኝ ሁሉ አመሰግንሃለሁ።

እህትህ


ሐምሌ 24

ጩጬ፣

ደብዳቤሽን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ዝናብ እየመታኝ አነበብኩት። «የለም» የሚለው ጋ ስደርስ እዚያው ተቀመጥኩ፣ ጭቃው ላይ። ኖርሽልኝ። በቃ፣ ኖርሽልኝ። ለሌላው ይቅርታ አትጠይቂኝ፤ ከእጄ የወጣ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ዓመት ተጨማሪ እንድቆይ ጠይቆኛል። የሚተካኝ ሰው አላገኙም፤ ማን ይመጣል እዚህ? ልፈርም አስቤያለሁ። አሁን ከአንቺ ጋር የተያዘ ነገር የለኝም፣ አንቺም ከእኔ የተያዘ ነገር የለሽም። ምናልባት እንዲህ ይሻልሻል፤ እኔን ባየሽ ቁጥር የቆመውን ኩላሊት እያሰብሽ ከምትሳቀቂ። መንገዱ በዝናብ ስለተቆረጠ ወረቀቱን የሚወስደው ሹፌር ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን እንደ ባለፈው በእግሬ ወርጄ ለጭነት መኪና እሰጠዋለሁ፤ እስከዚያ ከጻፍሽልኝ ሹፌሩ ይዞልኝ ይመጣል።

ራስሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 13

አንተ፣

ጋሼ አልልህም ዛሬ። ጋሼ የሚባለው ታላቅ ወንድም ነው፤ ታላቅ ወንድም ደግሞ ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለቴርሞሜትር አያወራም።

«ከእኔ የተያዘ ነገር የለሽም» ትለኛለህ? ምን ነክቶሃል? እኛ ወንድምና እህት የሆንነው በኩላሊት ነው እንዴ? ከኩላሊቱ በፊት ሠላሳ ሁለት ዓመት ምን ነበርን፣ ጎረቤት? ሳመሰግንህ ሸሸህ፣ ስድን ደግሞ ልትፈርም! እንግዲህ ምን ልሁንልህ? አመስጋኝ አልፈልግም ካልክ ይኸው፣ አላመሰግንህም። ራስ ወዳድ ነህ። ፈሪ ነህ። ስትሰጥ ጀግና ነህ፤ ሰው ዓይንህን አይቶ ሲቀበልህ ግን እግርህን ታነሳለህ። ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ አራት ወር ሳይሞላኝ ብቻዬን ጥለኸኝ ሄድክ፤ ይህን አንድም ቀን አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም ጎንህ ተቀዷል፣ ምን አፍ አለኝ ብዬ። አሁን አፍ አለኝ። አፌን የዘጋው ኩላሊትህ ቆሟል፣ ነፃ ወጥቻለሁ፤ ስማኝ እንግዲህ!

አራት ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከጎኔ አንድ ባዶ ወንበር አለ። የታማሚ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ነው። ነርሷ በየጊዜው «የማን ነው?» ትለኛለች፤ «የማንም» እላለሁ። አፍሬ አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን አፈርኩ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የምታሰለቸኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጋዜጣ ስታንኮሻኩሽ የምቆጣህ። ሾርባውን አቀዝቅዘህ ስታመጣ መልሰህ ውሰደው የምልህ።

ያን ወረቀት አትፈርም።

ኩላሊቱን ስትሰጠኝ አልለመንኩህም። ራስህ መጥተህ እንኪ አልከኝ። በሕይወቴ ምንም ነገር ለምኜህ አላውቅም። ይኸው አሁን እለምንሃለሁ።

ና።

እህትህ